ፕሮሰሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ከባንኮኒው ጀርባ ሹክ ልበላችሁ

አንድ ወጣት ወደ ሱቅ ገብቶ «ጌም እየተንቀረፈፈብኝ ነው፤ ፕሮሰሰር መቀየር ፈልጌ ነበር» ሲል፣ ከባንኮኒው ጀርባ ያለን ሰዎች እርስ በርሳችን እንተያያለን። ደንበኛው ልብ አይለውም፤ ልብ ቢለውም ትርጉሙ አይገባውም። ይህ ሰው ራሱ መርምሮ፣ ራሱ ፈርዶ፣ መድኃኒቱንም ራሱ አዝዞ መጥቷል፤ ለእኛ የቀረልን መሸጥ ብቻ ነው ማለታችን ነው።

ዘጠኝ ዓመት ኮምፒውተር ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። ለጌም ብለው ፕሮሰሰር ካስቀየሩኝ ሰዎች ውስጥ ለስንቱ በእርግጥ ያስፈልገው እንደነበር ሳስብ ደስ አይለኝም። ብዙዎቹ ገንዘቡን ያጠራቀሙት ከታክሲና ከምሳ ቀንሰው ነው። ለአንዳንዶቹ ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለች እህት ናት የላከችላቸው። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ጮክ ተብሎ የማይነገረውን ዛሬ ቀስ ብዬ ልነግራችሁ ነው።

ፕሮሰሰር ለሻጭ የተመቸ ዕቃ ነው። በኪስ ይገባል፣ መደርደሪያ አያጣብብም፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይቀየራል። ግራፊክስ ካርድ ስንሸጥ ደንበኛው ፓወር ሰፕላዩ ይችለው እንደሆነ፣ ኬዙ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ካርዱም ትልቅ ስለሆነ የተሰነጠቀ ፌን፣ የዛገ ብሎን በዓይን ይታያል። ፕሮሰሰር ግን ከገባ በኋላ ማቀዝቀዣው ተጭኖበት ከዓይን ይሰወራል። የወጣው አሮጌውስ? «ይሄን ምን ታደርግበታለህ፣ እዚሁ ተወውና ትንሽ እቀንስልሃለሁ» ይባላል። የሚቀነሰው በእርግጥም ትንሽ ነው። አሮጌው በማግስቱ ተወልውሎ ለሌላ ደንበኛ ማሻሻያ ሆኖ ይሸጣል። ሱቁ ከአንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ያተርፋል።

የማልረሳው አንድ ልጅ አለ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ጂቲኤክስ 1650 ካርድ አስገብቶበታል። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-8500 ነው። ሳይበርፐንክ 2077ን ሲጫወት በሰከንድ ሠላሳ ፍሬም አካባቢ እየተንገታገተበት ተቸግሯል። ጓደኞቹ «አይ7 አስገባበት» ብለውታል። እሱም አይ7-8700 ጠየቀኝ። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ስድስት ስድስት ኮር ነው ያላቸው። አይ7ቱ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራ ጎን ለጎን እንዲይዝ ስለሚያደርግ አሥራ ሁለት ስሬድ አለው፤ ፍጥነቱም ትንሽ ከፍ ይላል። ለዚያ ጌምና ለዚያ ካርድ ግን ምንም እንደማይጨምርለት አውቅ ነበር። የሱቁ ባለቤት አጠገቤ ቆሟል። ገጠምኩለት፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠ፣ አመስግኖ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ ለውጥ የለውም እኮ» አለኝ በትሕትና፣ ጥፋቱ የራሱ የሆነ ያህል። «ጌሙ ከባድ ስለሆነ ነው» አልኩት። ጌሙ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ የደበቅሁት ግን ካርዱ አስቀድሞ እስከ ጥጉ ተወጥሮ እንደነበር ነው። አሥር ደቂቃ ሰጥቼ ብለካለት ገንዘቡ በኪሱ ይቀር ነበር። እነዚያን አሥር ደቂቃዎች ነው እንግዲህ ዛሬ ለእናንተ የምሰጠው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ሕንፃ ያላየ የለም። ፎርማኑ ወዲያ ወዲህ እያለ «ይሄ ግድግዳ እዚህ ይቁም፣ በሩ በዚያ ይሁን» ይላል። ቀቢዎቹ ደግሞ እሱ ያለውን ተቀብለው ቀለም ይቀባሉ። ፕሮሰሰር ፎርማኑ ነው። ጠላት የት ቆመ፣ ጥይቱ ማንን መታ፣ ኳሷ ወዴት ነጠረች፣ መኪናው ተጋጨ ወይስ ዳነ፤ ይህን ሁሉ አስልቶ «አሁን ይህን ሣሉ» ብሎ ያዛል። ግራፊክስ ካርዱ የቀቢዎቹ ቡድን ነው፤ ከአነስተኞቹ የሚቆጠረው ጂቲኤክስ 1650 እንኳ 896 ትንንሽ ኮሮች አሉት። በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲታይ አንዱ ሥዕል በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ታዝዞ ተሥሎ ማለቅ አለበት። 144 ከፈለጋችሁ ጊዜው ወደ 7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወርዳል።

ቀቢዎቹ ደቂቃ ሳያርፉ እየቀቡ ግድግዳው ካልደረሰ፣ ሌላ ጎበዝ ፎርማን መቅጠር ምን ይጠቅማል? ቀቢዎቹ ብሩሽ ይዘው ትእዛዝ የሚጠብቁ ከሆነ ደግሞ መቶ ቀቢ ቢጨመር ሕንፃው አይፋጠንም። ልጁ ቤት ቀቢዎቹ ነበሩ ላብ በላብ የሆኑት። እኔ የሸጥኩለት ፎርማን ነው።

ይህን ለመለየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፤ አብሮት የሚመጣው ሪቫቱነር ጌሙ እየሄደ ቁጥሮቹን በስክሪኑ ጥግ ላይ ያሳያችኋል። ከዚያ ሁልጊዜ የምትጫወቱትን ጌም፣ ሁልጊዜ በሚያስቸግራችሁ ቦታ ተጫወቱ። ሜኑ ላይ ቆማችሁ አትለኩ፤ ጭር ባለ ሜዳም አትለኩ። ካርዱ 97፣ 98፣ 99 በመቶ ላይ ከተቸነከረ ፕሮሰሰራችሁ ንጹሕ ነው። ካርዱ 60 ወይም 70 በመቶ ላይ እየዋለ ፍሬሙ ከወረደ ግን ፎርማኑ ነው የሚያስጠብቀው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጌሙ ውስጥ የፍሬም ገደብ ወይም ቪሲንክ ተከፍቶ ከሆነ ካርዱ ሆን ተብሎ ስለሚያርፍ ቁጥሩ ያታልላችኋል። መጀመሪያ አጥፉት።

ሁለተኛው ፈተና ፕሮግራም እንኳ አይፈልግም። በጌሙ ሴቲንግ ገብታችሁ ሪዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ይህ የግድግዳውን ስፋት ከግማሽ በታች ማድረግ ነው፤ የቀቢዎቹ ሥራ ይቀልላል፣ የፎርማኑ ሥራ ግን ያው ነው። ፍሬሙ ዘለል ብሎ ከጨመረ ችግሩ ካርዱ ጋ ነበር። ወይ ፍንክች ካለ ፕሮሰሰሩ ጋ ነው። በዚሁ ምክንያት በ4ኬ ስክሪን የሚጫወት ሰው ፕሮሰሰር ስለመቀየር ከመጨነቁ በፊት ደጋግሞ ማሰብ አለበት፤ 4ኬ ከ1080 አራት እጥፍ ፒክሰል ስላለው ቀቢዎቹ መጀመሪያ ይደክማሉ።

እኛ ሱቅ ውስጥ ደንበኛን የምናሳምንበት፣ ደንበኛውም ራሱን የሚያሳስትበት አንድ ቁጥር አለ። ታስክ ማናጀር ላይ «ሲፒዩ 35 በመቶ» ይላል። አንዱ ይህን አይቶ «ፕሮሰሰሬ እኮ ሥራ ፈትቷል» ይላል። የለም፣ አልፈታም። አሥራ ሁለት ስሬድ ባለው ፕሮሰሰር ላይ አንድ ስሬድ ጥርሱን ነክሶ መቶ በመቶ ቢሠራ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚታየው 8 በመቶ ብቻ ነው። ብዙ ጌም ዋና ሥራውን በአንድ ወይም በሁለት ስሬድ ላይ ስለሚጭን፣ ጠቅላላው ቁጥር ዝቅ ብሎ እያለ ጌሙ ግን በዚያች በአንዷ ታንቆ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ የሚያሳየውን ግራፍ ክፈቱ። የካርዱ ቁጥር ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ እሱን እመኑ።

ጌሙም ይለያያል። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት ፍሬም በብዛት የሚጠየቅባቸው፣ ሥዕላቸው ቀለል ያለ ጌሞች ስለሆኑ ፕሮሰሰሩን ይፈትናሉ። ከተማ የሚገነባባቸው፣ ሺህ ሰው ወዲያ ወዲህ የሚልባቸው ጌሞችም እንዲሁ። እንደ ሳይበርፐንክ ያለው ደግሞ በብርሃንና በጥላ የተሞላ ስለሆነ አነስተኛ ካርድ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ካርዱን ነው የሚያደቅቀው። «የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ «ምን ትጫወታለህ?» የምለው ለዚህ ነው። ይህን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚነግራችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ውጡ።

ስክሪናችሁንም እዩት። ከቢሮ የወጡት ሞኒተሮች አብዛኞቹ 60 ኸርዝ ናቸው፤ በሰከንድ ከ60 ሥዕል በላይ አያሳዩም። ጌማችሁ ሳይዋዥቅ 90 ፍሬም እየሰጣችሁ 150 ለማድረግ ፕሮሰሰር ብትገዙ፣ ጭማሪውን ያ ስክሪን አያሳያችሁም። ለእጅ ፍጥነት ትንሽ ጥቅም አለው የሚሉ ተወዳዳሪ ተጫዋቾች አሉ፤ እውነትም አላቸው። ግን በዚያ ገንዘብ 144 ኸርዝ ሞኒተር መግዛት ልዩነቱን በዓይን ያሳያል።

እሺ፣ ፈተናው ፕሮሰሰሩን አጋለጠ እንበል። አሁንም አትቸኩሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ፕሮሰሰሩ የሌላውን ጥፋት ተሸክሞ የሚገረፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዋናው ራም ነው። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ወደ ገበያ ሲወጡ ብዙ ጊዜ ባለ 8 ጊጋ አንድ ራም ብቻ ተሰክቶባቸው ነው፤ ሁለተኛው ለብቻው ተነቅሎ ይሸጣል። ፕሮሰሰሩ ግን ከራም ጋር የሚገናኝበት ሁለት መንገድ አለው። አንድ ራም ብቻ ሲሰካ አንዱ መንገድ ዝግ ነው። 2666 የሚባለው ዲዲአር4 ራም በአንድ መንገድ በሰከንድ 21 ጊጋባይት ገደማ ያመላልሳል፤ ሁለት ሲሆኑ 42 ይሆናል። ያ ጌም በመሃል የሚነጥቅና ስታክ የሚያደርግ በሽታ፣ ሁለተኛ ራም ሲሰካ ሲሻለው በእጄ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ዋጋው ከፕሮሰሰር ጋር አይወዳደርም። ታስክ ማናጀር «ሜሞሪ» የሚለው ገጽ ላይ ስንት ቀዳዳ እንደተሞላ ይነግራችኋል፤ ከቤት ሳትወጡ ታውቁታላችሁ። ራሳችሁ የገጠማችሁት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ እዚያው ላይ ፍጥነቱን እዩ። 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም 2133 ወይም 2400 የሚል ከሆነ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው አልተከፈተም። መክፈቱ በነፃ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በአቧራ የታፈነ ፌን፣ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ያልተቀየረና እንደ ኖራ የደረቀ ቴርማል ፔስት ያለበትን ኮምፒውተር በየሳምንቱ እከፍታለሁ። የእኛ ከተማ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፌኑ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚገፋው አየር ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ያነሰ ነው። ቅዝቃዜያችን ያግዘናል፤ ግን «ከፋብሪካ የመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃዋል» የሚለው የፈረንጅ ምክር እዚህ ጠባብ ነው። ጌም በሚጫወትበት ጊዜ ፕሮሰሰሩ 95 ወይም 100 ዲግሪ ላይ ከደረሰ አጽዱት፣ ፔስት ቀይሩለት፣ ከዚያ እንደገና ለኩ።

የተቀሩትን ቶሎ ልበላቸው። ጌሙ የተጫነው በድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ አዲስ ሰፈር በገባችሁ ቁጥር መንተፋተፉ ከዚያ ነው፤ ኤስኤስዲ ግዙ። የሞኒተሩ ገመድ በካርዱ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ የመጣ ኮምፒውተርም አጋጥሞኛል፤ ባለቤቱ ስድስት ወር ካርዱን ሳይጠቀምበት ኖሯል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ አሁንም ካርዱ ሥራ ፈትቶ፣ አንዱ ኮር እየነደደ ከሆነ፣ እንግዲያስ ፕሮሰሰሩን መቀየር ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ይለወጣል። ፕሮሰሰር ብቻውን አይቀየርም፤ ማዘርቦርዱ የፈቀደለትን ነው የምትገዙት።

የኢንቴል ማዘርቦርድ ያላችሁ ሰዎች አንድ ወጥመድ አለባችሁ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ትውልድ የሚሰካበት ሶኬት 1151 ይባላል። ስምንተኛውና ዘጠነኛው ትውልድም 1151 ነው፤ ስሙም የእግሮቹ ቁጥርም አንድ ነው። ነገር ግን ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንተኛውን ትውልድ ሲያወጣ ባለ 300 ተከታታይ ቺፕሴት ካልሆነ አይሠራም ብሎ ለየው። አይ5-6500 ያለው ሰው አይ7-8700 ገዝቶ ቤቱ ሲወስድ አይነሳለትም። ሻጩ «ሶኬቱ አንድ ነው» ሲል አልዋሸም። ስለዚህ የስድስተኛው ትውልድ ባለቤት ማዘርቦርዱን ሳይቀይር መድረስ የሚችለው እስከ አይ7-7700 ነው፣ እሱም ባዮሱ ከፈቀደለት። አራት ኮር አራት ስሬድ ይዞ በዛሬ ጌሞች ለሚሠቃይ ሰው ከአራት ወደ ስምንት ስሬድ መሄድ የሚታይ እፎይታ ነው። ግን እወቁት፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል በኩል ከጥቂት ቺፖች በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ቫሎራንት ራሱ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ይጠይቃል። በሰባተኛው ትውልድ ላይ ብዙ ብር ማፍሰስ በሚፈርስ ቤት ላይ ቀለም መቀባት ነው።

የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። የመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ ሶኬት ወጡ። በሜይ 2020 ኩባንያው ቢ450 እና ኤክስ470 ቦርዶች ቀጣዩን ትውልድ አይቀበሉም ብሎ አስታወቀ። ምክንያት ከተባሉት አንዱ ባዮሱ የተቀመጠበት ቺፕ ጠባብነት ነው፤ በብዙ ቦርዶች ላይ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ የሁሉም ፕሮሰሰር ኮድ አብሮ አይገባም። ተጠቃሚው ጮኸ፤ ወሩ ሳያልቅ ውሳኔው ተቀለበሰ። በ2022 ደግሞ የ2017ቶቹ የመጀመሪያ ቦርዶች ሳይቀሩ ተፈቀደላቸው። ዛሬ ራይዘን 5 1600 ወይም 2600 ያለው ሰው፣ የቦርዱ አምራች ባዮሱን ካወጣለት፣ ቦርዱንም ራሙንም ሳይነካ ራይዘን 5 5600 ሊያስገባ ይችላል። አርኤክስ 6600ን የመሰለ ካርድ ይዞ በ2600 የሚጫወት ሰው ካጋጠመኝ፣ ያለማመንታት «ቀይር» የምለው ለእሱ ነው።

ስለ 5800ኤክስ3ዲ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደሱ ያስደነቀኝ ቺፕ የለም። በኤፕሪል 2022 ሲወጣ ፍጥነቱ ከታላቅ ወንድሙ ከ5800ኤክስ ዝቅ ያለ ነበር፤ 4.7 የነበረው 4.5 ጊጋኸርዝ ሆነ። ኤል3 የሚባለው ካሽ ግን ከ32 ሜጋባይት ወደ 96 አደገ፤ ተጨማሪው ከላይ በፎቅ ተሠራበት። ጌም በየሚሊ ሰከንዱ የሚፈልገው መረጃ በአቅራቢያው ሲቀመጥለት ወደ ራም መመላለስ ይቀንሳል፣ የመንተፋተፉም ነገር ይረግባል። ጊጋኸርዙን ብቻ አይቶ ዋጋ የሚቆርጥ ገዢና ሻጭ ይህን ቺፕ ንቆ ያልፈው ነበር። በጃንዋሪ 2024 አነስ ባለ ዋጋ 5700ኤክስ3ዲ የሚባል ታናሽ መጣለት። ከሁለቱ አንዱን በደህና ዋጋ ካገኛችሁ፣ ጠንካራ ካርድም ካላችሁ፣ ኤኤም4ን ትታችሁ ወደ ኤኤም5 ለመሄድ አትጣደፉ። ኤኤም5 ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ፕሮሰሰር፣ ቦርድና ራም ሦስቱንም በአንድ ቀን ትገዛላችሁ ማለት ነው።

ዋጋን ካነሳን አይቀር፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከዚያ ዕለት በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኛ ዘንድ የሚሸጠው ዕቃ በዶላር የተገዛ ስለሆነ ትናንት በስህተት ሊባክን የሚችለው ገንዘብ ዛሬ እጥፍ ሆኗል። ፕሮሰሰር ትንሽና ቀላል በመሆኑ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የሚመጣው ብዙ ነው። ለሚያመጣላችሁ ሰው «ጎበዝ ፕሮሰሰር» አትበሉት። ሙሉ ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል ጻፉለት። የኢንቴል ስም መጨረሻ ላይ ያለው ኤፍ የምትለው ፊደል «የራሱ ሥዕል ማሳያ የለውም» ማለት ነው፤ ካርዳችሁ የተበላሸ ዕለት ስክሪናችሁ ጨለማ ይሆናል።

ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ይህን ያዙ። የኤኤም4 ፕሮሰሰር 1331 እግሮች ከሥሩ አሉት፤ ስልካችሁን አብርታችሁ በረድፉ አግድም እዩት፣ አንዷ ከጎበጠች ትታያለች። በኢንቴል እግሮቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ የሚመረመረው ሶኬቱ ነው። ከቢሮ ኮምፒውተር የወጡ አንዳንድ ራይዘን ፕሮዎች በመጡበት ፋብሪካ ቦርድ ላይ የተቆለፉ ናቸው፤ ሌላ ቦርድ ላይ አይነሱም፣ ቁልፉም አይፈታም። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ሁሉ አይነግራችሁም። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ትላልቆቹ ቺፖች ላይ በቮልቴጅ ምክንያት ቀስ በቀስ የመጎዳት ችግር እንደነበረ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 አምኗል፤ በኦገስት የማስተካከያ ማይክሮኮድ አወጣ፣ በሣጥን ለተሸጡት ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ወደፊት የሚመጣውን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ስለዚህ ያለ ዋስትና ያገለገለ 13900ኬ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ርካሽነቱ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ምንም ሆነ ምን፣ ፕሮሰሰሩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተገጥሞ፣ ሲፒዩ-ዚ ተከፍቶ ስሙን ሳታዩ፣ ሩብ ሰዓት ጭነት ላይ ቆይቶ ሳይጠፋ ሳታዩ አትክፈሉ።

ራሳችሁ ለምትፈቱት አንዲት ምክር ልጨምር። ኤኤም4 ላይ ማቀዝቀዣውን በቀዝቃዛው ጎትታችሁ አታንሱት። የደረቀው ፔስት እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈ ሶኬት ውስጥ ነቅሎት ይወጣል፣ እግሮቹም ይጎብጣሉ። መጀመሪያ ጌም ተጫውታችሁ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ ቀስ እያደረጋችሁ አዙሩትና አንሱ። ባዮስ ማደስ ካለባችሁም አሮጌው ፕሮሰሰር እንደተገጠመ አድሱት፤ ካወጣችሁት በኋላ ብዙ ቦርድ ያለ እሱ ሊታደስ አይችልም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም አትንኩት። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላልና ዩፒኤስ ካለው ጎረቤት ለምኑ።

ያን ተማሪ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ብዙ ጊዜ በሩ ሲከፈት እሱ ይሆን እላለሁ። ቢመጣ አይ7ቱን ተቀብዬ በዋጋው ሌላ ካርድ ላይ አስብለታለሁ፤ ይህን ለሱቁ ባለቤትም ነግሬዋለሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሕግ አለኝ፦ ካርዱ ስንት በመቶ ላይ እንዳለ ሳላይ ለጌም ብዬ ፕሮሰሰር አልገጥምም። አንዳንድ ቀን ይህ ሽያጭ ያሳጣናል።

እናንተም ወደ የትኛውም ሱቅ ስትሄዱ፣ በምትወዱት ጌም መሃል የካርዱንና የእያንዳንዱን ኮር ቁጥር የሚያሳይ ፎቶ በስልካችሁ አንስታችሁ ሂዱ። የማዘርቦርዱን ሙሉ ስምና የራሙን ብዛትም ጻፉ። ፎቶውን ሻጩ ፊት አስቀምጡና «ይህን አይተህ ንገረኝ» በሉት። ካላየው ገንዘባችሁን አታውጡ።